በዲጂታል አምፕ ሞዴለር የመድረክ ጊታር ድምፅን ተፈጥሯዊ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባድ የቲዩብ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ተሸክሞ የአዳራሽ ደረጃ መውጣት የሰለቸው ጊታሪስት ዛሬ ዲጂታል አምፕ ሞዴለር የሚባል አንድ ሣጥን በቦርሳ ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሣጥኑ ውስጥ በርካታ አምፖች፣ ስፒከሮችና ፔዳሎች ተመስለው ተቀምጠዋል። ቤቱ ሲሞክረው ደስ ብሎት ያድራል፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ከታች የቆመ ጓደኛው «ጊታርህ ማሰሮ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል» ይለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሆቴል፣ በሠርግ አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያንና በክለብ የሚጫወቱ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ለሄሊክስም፣ ለኬምፐርም፣ ለኳድ ኮርቴክስም፣ ለቦስና ለዙም ሣጥኖችም ያገለግላሉ፤ የሚለያየው የሜኑው አጠራር ነው።

ቤት ውስጥ ያማረው ድምፅ መድረክ ላይ ለምን ይበላሻል?

ዋናው ምክንያት ጆሮ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተሙት ልኬት እንደሚያሳየው የድምፅ መጠን ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙን የታችኛውንና በጣም ቀጭኑን የላይኛውን ክፍል ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። መጠኑ ሲጨምር ልዩነቱ ይጠባል። እንግዲህ ጎረቤት ተኝቶ ሳለ በዝቅተኛ ድምፅ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ የድምፅ ቅንብር) የሚሠራ ሰው የጎደለ የመሰለውን ለመሙላት ቤዙንም ትሬብሉንም ከፍ ያደርጋል፤ ሚዱን ይቀንሳል። ለብቻው ሲሰማው ሰፊና የሚያምር ነው። በማግስቱ ያው ቅንብር በዋናው ስፒከር በ95 ዴሲቤል ሲወጣ የታችኛው ክፍል አዳራሹን ያናውጣል፣ የላይኛው ጆሮ ይበሳል፣ ጊታሩን ጊታር የሚያሰኘው መካከለኛው ክፍል ደግሞ የለም።

መፍትሔው ግልጽ ቢሆንም የሚወደድ አይደለም፦ የመድረክ ፕሪሴት በመድረክ የድምፅ መጠን ይሠራል። ባንዱ የሚለማመድበት ክፍል ካለ እዚያ ይሥሩት። ከሌለ በቀን ሰዓት ስፒከሩን ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል ድረስ ከፍ አድርገው ያስተካክሉ፤ የስልክ የድምፅ መለኪያ ለዚህ ይበቃል። ጆሮዎን ግን አይርሱ። የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተቋም ኒዮሽ ለ85 ዴሲቤል የሚመክረው ገደብ በቀን 8 ሰዓት ሲሆን በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ ሲደርስ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል።

በጆሮ ማዳመጫ የተሠራ ፕሪሴትን በቀጥታ ወደ አዳራሽ መውሰድ ከሁሉም የከፋ ነው። ለጆሮ ማዳመጫ ሌላ ፕሪሴት ይኑርዎት፤ ስሙንም «ቤት» ብለው ያስቀምጡት፣ በጥድፊያ እንዳይሳሳቱ።

ሞዴለሩ አጠገቤ እንደቆመ አምፕ የማይሰማኝ ለምንድን ነው?

ምክንያቱም አብዛኛው ሞዴለር የሚኮርጀው ማይክሮፎን የተተከለበትን አምፕ ስለሆነ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይጥላል፤ የቀረውንም ቀጭን ድምፅ ወደ ፊት ለፊቱ በጠባቡ ይወረውራል። ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አምፑን መሬት ላይ አስቀምጦ ሁለት ሜትር ርቆ ይቆማል። ጆሮው ከስፒከሩ መስመር በላይ ስለሆነ ሹሉ ክፍል አያገኘውም፤ ወለሉና ግድግዳው መልሰው የሚልኩለትን ድምፅ ጨምሮ ይሰማል። ማይክሮፎኑ ግን ከስፒከሩ ጨርቅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ አንዲት ነጥብ ብቻ ያዳምጣል።

በትልልቅ መድረኮች ሕዝቡ የኖረው ይህን ሁለተኛውን ድምፅ እየሰማ ነው። ሹር ኤስኤም57 ማይክሮፎን ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስንት አምፕ ፊት ተንጠልጥሏል! ስለዚህ ሞዴለሩ ለአድማጩ የሚያቀርበው ድምፅ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው ለተጫዋቹ ነው፤ የአምፑ ነፋስ ሱሪውን ሲመታው የለመደ ሰው በሞኒተር (ተጫዋቹ ራሱን በሚሰማበት ስፒከር) ውስጥ የስቱዲዮ ቅጂ ሲሰማ ቅር ይለዋል። ያ ስሜት የግድ ካስፈለገዎት ሞዴለሩን በፓወር አምፕ በኩል ከእውነተኛ የጊታር ካቢኔት (የስፒከር ሣጥን) ጋር ያገናኙ። በሞኒተር ላይ በኢኪው (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) ብቻ እሱን ለማምጣት መታገል ጊዜ ይፈጃል፣ ውጤቱም እምብዛም ነው።

የካቢኔት ሲሙሌሽን መቼ ይበራል፣ መቼ ይጠፋል?

የካቢኔት ሲሙሌሽን የጊታር ስፒከር ሣጥንን ድምፅ የሚያስመስለው የሞዴለሩ ክፍል ነው። ድምፁ የሚወጣው ሁሉንም የድምፅ ክልል እኩል በሚያሰማ ስፒከር ከሆነ፣ ማለትም በአዳራሹ ዋና ስፒከር፣ በመድረክ ሞኒተር፣ በጆሮ ውስጥ ሞኒተር ወይም ኤፍአርኤፍአር በሚባለው ስፒከር፣ መብራት አለበት። ካልበራ የአምፑ ጥሬ ድምፅ ያለ ስፒከር ማጣሪያ ይወጣል፤ ያ መጋዝ የመሰለ ድምፅ ከዚህ ይመጣል። የሚወጣው በጊታር ካቢኔት ከሆነ ደግሞ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ በካቢኔት ያልፍና ይታፈናል።

የሆቴሉ አሮጌ ኮምቦ አምፕ ብቻ ካለ፣ ከጀርባው «ሪተርን» የሚል ቀዳዳ ይፈልጉ። በዚያ በኩል ሲገቡ የአምፑን ፕሪአምፕ (የድምፁን ጠባይ የሚቀርጸውን የመጀመሪያ ክፍል) ስለሚዘልሉት በሞዴለሩ ውስጥ አምፑ ይበራል፣ ካቢኔቱ ብቻ ይጠፋል። ሪተርን ከሌለውና በፊት ለፊቱ ለመግባት ከተገደዱ ሁለቱንም አጥፍተው ሞዴለሩን እንደ ፔዳል ሰሌዳ ይጠቀሙበት።

በአንድ ጊዜ ሁለቱን ማድረግም ይቻላል። ብዙ ሞዴለሮች ወደ ሚክሰሩ ካቢኔት ያለውን፣ ከጀርባ ወዳለው ካቢኔት ደግሞ ካቢኔት የሌለውን ድምፅ ለይተው ይልካሉ። በእኔ አስተያየት ለባንድ ሥራ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም፤ ከበሮ መቺውም ያለ ሞኒተር ጊታሩን ይሰማል።

አይአር ምንድን ነው? ስንት ልሰብስብ?

አይአር የአንድ ስፒከር፣ የአንድ ካቢኔትና የአንድ ማይክሮፎን ድምፅ በአንድ ቦታ ላይ ምን እንደሚመስል የሚይዝ አጭር የድምፅ ፋይል ነው። ከአምፑ ሞዴል ይልቅ ድምፅዎን የሚለውጠው ይህ ነው። አንድ አምፕ መርጠው አይአሩን ብቻ ቢቀያይሩ ሌላ መሣሪያ የገዙ እስኪመስልዎት ድረስ ይለወጣል፤ አይአሩን ትተው አምፑን ቢቀያይሩ ለውጡ የሚጠብቁትን ያህል አይሆንም።

ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ይሰበስባሉ፤ ከዚያ መለማመዳቸውን ትተው ፋይል ሲመርጡ ያመሻሉ። ሁለት ይበቃሉ። ሴለስቸን ቪንቴጅ 30 የተባለው ስፒከር በላይኛው ሚድ ጠንካራ ስለሆነ በባንድ ውስጥ ራሱን ያሰማል፣ ሲበዛ ግን ይቆረቁራል። ግሪንባክ የሚባለው ስፒከር ለስለስ ይላል፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። ለክሊን (ላልተሰነጠቀ፣ ጥርት ላለ) ድምፅ የጄንሰን ዓይነት ክፍት ጀርባ ያለው ካቢኔት አንድ ይያዙ። ማይክሮፎኑ ከስፒከሩ መሐል ወደ ጠርዝ በሄደ ቁጥር ሹልነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ድምፅዎ ሲቆረቁርዎት ትሬብል ከመቀነስዎ በፊት ማይክሮፎኑን በስክሪኑ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ጠርዝ ያንሸራትቱ። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ኢኪው በአግባቡ የማይሠራውን ትሠራለች።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በአንድ ምሽት ሥራ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕሪሴት የተለያየ አይአር አይጠቀሙ። የድምፅ ባለሙያው ለአንድ ጊታር ያስተካከለው ኢኪው በየዘፈኑ ይፈርሳል፤ እሱም ተስፋ ቆርጦ ጊታሩን ዝቅ ያደርገዋል።

ቤዙንና ትሬብሉን የት ላይ ልቁረጥ?

ከካቢኔቱ በኋላ ሎው ከት (የታችኛውን ድምፅ የሚቆርጠው ማጣሪያ) ከ80 እስከ 120 ኸርዝ፣ ሃይ ከት (የላይኛውን የሚቆርጠው) ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኸርዝ ድረስ አድርገው ይጀምሩ። በመደበኛ ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ስፍራ የቤዝ ጊታሩና የትልቁ ከበሮ ነው፤ ጊታር እዚያ ሲገባ ለራሱ የሚያተርፈው ነገር ሳይኖር ሌላውን ያደበዝዛል። ቁጥሮቹ መነሻ ብቻ ናቸው፤ የየመሣሪያው ማጣሪያ አቆራረጥ ስለሚለያይ በአንዱ 6 ኪሎ ኸርዝ የሆነው በሌላው 5 ሊመስል ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሁለት አካባቢዎች ናቸው። ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ያለው ሲበዛ ድምፁ ይደፈርሳል፤ በተለይ ቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ባለው አዳራሽ። ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው ደግሞ ጆሯችን ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃበት ክልል ስለሆነ ትንሽ ሲበዛ ያሳምማል፣ ሲጠፋ ግን ጊታሩ ከኪቦርዱ ጀርባ ይደበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ዴሲቤል ብቻ ይነካኩ። አሥር ዴሲቤል መቀነስ ካስፈለገዎት ችግሩ አይአሩ ላይ ነውና ወደዚያ ይመለሱ።

ብቻዎን ሲጫወቱት ትንሽ ቀጭን፣ ትንሽም አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ በባንድ ውስጥ ልክ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው የባንዱን ልምምድ በስልኩ ይቅዳ።

ጌይን ምን ያህል ይበቃል?

ጌይን፣ ማለትም ድምፁ እንዲሰነጠቅ የሚያደርገው ማጉያ፣ ከሚያስቡት ያነሰ ይበቃል። ቤትዎ ካስደሰተዎት መጠን ሲሶውን ይቀንሱ። ጌይን ሲበዛ ድምፁ ይጨመቃል፤ ፒክዎ ክሩን ሲመታ የሚሰማው ጥርት ያለ መነሻ ይጠፋል፣ ከርቀት የሚሰማውም ጭረት ብቻ ይሆናል። በአዳራሽ የድምፅ መጠን ስፒከሩ ራሱ ክሮቹን ስለሚያነቃቃ ኖታው ያለ ብዙ ጌይን ይረዝማል። ኖይዝ ጌትም (ሳይጫወቱ የሚሰማውን ጫጫታ የሚዘጋው) በልክ ይሁን፤ ሲከር የኖታውን ጅራት ይቆርጣል፤ ብዙ ሰው «ሰው ሠራሽ ሆነብኝ» የሚለው ድምፅ መነሻው ይህ ነው።

ክሊን ድምፄ ደረቅና ሕይወት የለሽ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ፍጹም ክሊን የሆነ የቲዩብ አምፕ ብርቅ ነው። ተፈጥሯዊ የምንለው ክሊን ድምፅ ጠንከር ብለው ሲመቱት ጫፉ ላይ ጥቂት የሚሰነጠቅ ነው። የፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ዓይነት ሞዴል ይምረጡ። እውነተኛው አምፕ 22 ዋት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ 85 ዋት የሆነው ትዊን ሪቨርብ ግን ብዙ ይታገሣል። የሞዴሉን ቮሊዩም ኃይለኛ ምት ሲያርፍበት ትንሽ እስኪሰነጠቅ ድረስ ከፍ ያድርጉና ከዚያ በጊታሩ ላይ ያለውን ቮሊዩም ወደ 7 ይመልሱት። ለስለስ ሲሉ ይጠራል፣ ሲበረቱ ይናገራል። አንድ ፕሪሴት በዚህ መንገድ የሦስት ፕሪሴት ሥራ ይሠራል። ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120ን የሚመስል ድምፅ ከፈለጉ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ከመጀመሪያውም በትራንዚስተር የሚሠራና ንጹሕ እንዲሆን የታሰበ አምፕ ነው።

ሌላው ምክንያት መግቢያው ነው። ተራ ፒክአፕ ያለው ጊታር 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሆነ የመግቢያ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ምልክቱ የሚሰጠው ተቃውሞ) ይፈልጋል። አንዳንድ ሞዴለሮች ይህን እንደ መጀመሪያው ፔዳል ዓይነት በራሳቸው ይለውጡታል፤ ዝቅ ሲል ትሬብሉ ይታፈናል፣ ባለቤቱም አምፑን ይወቅሳል። በማስተካከያ ሜኑው ውስጥ አንድ ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ላይ አስረውት ልዩነቱን ያዳምጡ። ገመድ አልባ ማስተላለፊያ የሚጠቀም ሰው በተቃራኒው ድምፁ ከወትሮው ይሾልበታል፤ ረጅም ገመድ የሚያለዝበው የላይኛው ክፍል ስለማይለዝብ ነው።

ኮምፕረሰር (ኃይለኛውንና ለስላሳውን ድምፅ የሚያቀራርብ) ከፈለጉ መጠኑ 2 ለ 1 ወይም 3 ለ 1 ይሁን፤ ሲጨመቅ በግልጽ ከተሰማዎት በዝቷል።

በኪቦርድና በሳክስፎን በተሞላ ባንድ ውስጥ፣ በተለይ በችክችካ ዘፈን፣ ጊታሬ ለምን ይጠፋል?

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሠርግ አዳራሾች የሚጫወት የአማርኛ ዘፈን ባንድ ከጊታር ይልቅ ኪቦርድ የሚገዛው ባንድ ነው። ኪቦርዱ ስትሪንግስም ብራስም ይዞ ሰፊውን መካከለኛ ክፍል ይሞላል፤ ሳክስፎንና ማሲንቆ ካሉ እነሱም እዚያው ናቸው። ከሞዴለር ጋር ተጭነው የሚመጡት የፋብሪካ ፕሪሴቶች ግን አንድ ሰው ብቻውን ሱቅ ውስጥ ሲሞክራቸው እንዲያስደንቁ የተሠሩ ይመስላሉ፦ ስቴሪዮ፣ ሰፊ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት)፣ ረጅም ዲሌይ (ዘግይቶ የሚደገም ድምፅ)። ይህን ሁሉ ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ባንድ መግባት በሞላ ክፍል ውስጥ ሶፋ ማስገባት ነው።

መጀመሪያ ሪቨርቡን ይቀንሱ። አዳራሹ የራሱ አለው። ስፕሪንግ ወይም አጭር ሩም ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃል። ቀጥሎ ኮርዱን ይቀንሱ፤ ይህ ከሞዴለሩ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፣ ግን ይገናኛል። ኪቦርዱ ሙሉ ኮርድ ይዞ ሳለ ስድስቱንም ክር መምታት ድምፅን የሚያደፈርስ ስለሆነ በቀጫጭኑ ሦስት ክሮች ላይ ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ይበቃል። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በሮሃ ባንድ ውስጥ የተጫወተውን የሚያዳምጥ ሰው ጊታሩ ከኪቦርዱና ከሳክስፎኑ መካከል ክፍተት እየፈለገ በነጠላ መስመር ሲገባና ሲወጣ ይሰማል። የድምፁ ተፈጥሯዊነት ግማሹ ከዚያ አጨዋወት የመጣ ነው።

ዲሌይ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ሞዴለሮች በ4/4 ታስበው የተሠሩ ናቸውና። ችክችካ በ6/8 ሲቆጠር እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት ይከፈላል። ዋናው ምት በደቂቃ 100 ቢሆን፣ በእግርዎ ታፕ ሲያደርጉ ሞዴለሩ 600 ሚሊ ሰከንድ ይይዛል። ዲሌዩን «ስምንተኛ» ላይ ካስቀመጡት 300 ይሆናል፤ ይህ ከሦስቱ ንዑስ ምቶች በአንዱም ላይ አያርፍም። ብዙ ሰው የሚወደው «ባለ ነጥብ ስምንተኛ» 450 ስለሚሆን እሱም በመካከላቸው ይወድቃል፤ ከበሮውን የሚጎትት ያስመስለዋል። መምረጥ ያለብዎት «ትሪፕሌት» የሚለውን ነው፦ ስምንተኛ ትሪፕሌት 200፣ ሩብ ትሪፕሌት 400 ሚሊ ሰከንድ ይሰጥዎታል፤ ሁለቱም በንዑስ ምቶቹ ላይ ያርፋሉ። የ400ው ለአምባሰልም ለባቲም ነጠላ መስመር መልካም ነው። ድግግሞሹን ሁለት ላይ ይወስኑት፤ የዲሌዩንም ሃይ ከት ወደ 3 ኪሎ ኸርዝ ያውርዱት፣ ከድምፃዊው ቃላት ጋር እንዳይጋጭ።

ዋህ-ዋህ ለቆዩ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘፈኖች የሚስማማ ነው። ከአምፑ በፊት ያስቀምጡት፤ የእግር ፔዳሉንም ሙሉውን ርቀት አይስጡት፤ ላይኛውን ጫፍ ትንሽ ያሳጥሩት።

ፕሪሴት ስቀይር አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይጠፋል። ምን ላድርግ?

የአምፑን ጌይን አይንኩ፤ በሞዴለሩ ውስጥ «ቻናል ቮሊዩም» ወይም «ሌቭል» የሚባለው የድምፁን ጠባይ ሳይለውጥ መጠኑን ብቻ ይለውጣል። እኩል ማድረግ ያለብዎት በጆሮ ነው። ክሊን ድምፅ በመለኪያ ላይ ከፍ ያለ ጫፍ እያሳየ ከተጨመቀው ዲስቶርሽን ያነሰ ሊሰማ ይችላል። ለሶሎ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ጭማሪና ትንሽ ሚድ በቂ ነው። የድምፅ ባለሙያው እንዲህ ያለውን ልዩነት ይታገሣል፤ 10 ዴሲቤል ከጨመሩበት ግን በሚቀጥለው ሶሎ እጁ ፌደሩ (የመጠን ማንሸራተቻው) ላይ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ከሚክሰሩ ጋር እንዴት ልገናኝ?

ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክሮፎን ገመድ ዓይነት) መውጫ ካለ በእሱ፣ በሞኖ። አብዛኛው አዳራሽ ጊታርን በአንድ ቻናል ይቀበላል፤ ስቴሪዮ ፕሪሴት አንድ ጎኑ ብቻ ሲወሰድ ግማሽ ዲሌይ ይጠፋል፣ ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ ደግሞ አንዳንድ ኮረሶችና ሰፊ ማድረጊያዎች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ቤትዎ እያሉ በሞኖ ያዳምጡ።

መውጫው «ማይክ» እና «ላይን» የሚል ምርጫ ካለው ከባለሙያው ጋር ይነጋገሩ። የመድረክ ሳጥኑ (ገመዶች የሚሰኩበት) የማይክሮፎን መግቢያ ብቻ ከሆነ ላይን መላክ የሚክሰሩን መግቢያ ከአቅሙ በላይ ያጨናንቀዋል፤ የዚያ ዲጂታል ጭረት በኢኪው አይድንም። 48 ቮልት ፋንተም (ሚክሰሩ ለማይክሮፎን የሚልከው ኃይል) እንዲጠፋም ይጠይቁ። እምምም የሚል ድምፅ ካለ «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ይጫኑ፤ የኤሌክትሪክ ሶኬቱን የመሬት ሽቦ ማላቀቅ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ነውና በፍጹም አይሞከርም። ሞዴለሩ የጊታር ዓይነት መውጫ ብቻ ካለው ዲአይ ቦክስ (ምልክቱን ለሚክሰር መግቢያ የሚያመቻች ትንሽ ሣጥን) ያስፈልግዎታል።

ራሴን በደንብ አልሰማም፤ ሞኒተሩ ላይ ድምፄ አስቀያሚ ነው።

ሞኒተሩ የድምፃዊ ሞኒተር ነው፤ ምናልባትም ለዓመታት የተንገላታ። እሱን ለማስደሰት ፕሪሴትዎን ካበላሹ ሕዝቡ የተበላሸውን ይሰማል። ሞዴለሩ ለየመውጫው የተለየ ኢኪው ካለው ወደ ሞኒተር የሚሄደውን ብቻ ያስተካክሉ፤ ወደ ሚክሰር የሚሄደውን ይተዉት። የራስዎን ኤፍአርኤፍአር ስፒከር ከያዙ በወገብ ከፍታ ላይ ያስቀምጡት ወይም ያዘንብሉት፤ መሬት ላይና ማዕዘን ውስጥ ሲቀመጥ ቤዙ ያብጣል።

በጆሮ ውስጥ ሞኒተር የሚጠቀም ሰው የክፍል ስሜት ስለሚያጣ ለራሱ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ሩም ሪቨርብ ይጨምር። ስለ መዘግየት የሚጨነቁም አሉ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከአምፕ 3 ሜትር ርቆ የቆመ ተጫዋች የሚሰማው ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ዘመናዊ ሞዴለር በራሱ የሚያዘገየው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ዲጂታል ሚክሰርና ሁለት ገመድ አልባ ማስተላለፊያዎች ሲደራረቡበት ግን መደመሩ አይቀርም።

ውድ ሞዴለር የግድ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ላይን 6 ፖድን እ.ኤ.አ. በ1998 ካወጣ ወዲህ ቴክኖሎጂው በጣም ተራምዷል፤ ዛሬ አይአር የሚቀበል ርካሽ ሣጥን በአዳራሽ ውስጥ ከውዱ ጋር ለመለየት ያስቸግራል። ውዱ የሚያተርፍልዎት ተጨማሪ መውጫዎችን፣ ጠንካራ የእግር ማብሪያዎችንና ፈጣን የፕሪሴት ቅያሬን ነው። ላፕቶፕ ላለው ሰው ኒውራል አምፕ ሞዴለር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለስቱዲዮ ግሩም ነው፤ በመድረክ ላይ ግን ላፕቶፕን አልመክርም።

የድምፅ ፍተሻው 10 ደቂቃ ብቻ ቢሆንስ?

በመጀመሪያ ከሁሉ የሚጮኸውን ፕሪሴት ያሰሙ፤ ባለሙያው የመግቢያውን መጠን በእሱ ይወስን። ከዚያ ሙሉ ባንዱ እየተጫወተ የሪትም ድምፅዎን ያሰሙ። ብቻዎን ሆነው «አሁን ጥሩ ነው?» እያሉ ማሰማት ጊዜ ማባከን ነው። ሌላ ሰው ጊታሩን ይዞልዎት እርስዎ ወደ አዳራሹ መሐል ቢወርዱ ከሁሉ ይበልጣል።

ማስተካከል ካስፈለገ በግሎባል ኢኪው ብቻ ያስተካክሉ፤ ለሁሉም ፕሪሴት በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለሚቀጥለው አዳራሽም በቀላሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ሦስት ውሳኔዎች ይበቃሉ፦ የሎው ከቱ ቦታ፣ ከ250 ኸርዝ ትንሽ መቀነስ፣ የሃይ ከቱ ቦታ። በዚያ ሰዓት አምፕ መቀየር አይጀመርም።

መብራት ሲቋረጥ ወይም ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ሲሆንስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከልዎትን ሞዴለር ከመሰካትዎ በፊት በአዳፕተሩ ወይም በጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ ከሆነ በቂ ዋት ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። በሌላ አዳፕተር ከቀየሩ ቮልቱ፣ አምፔሩና የመሐል ፒኑ ፖላሪቲ ከመጀመሪያው ጋር መስማማታቸውን ያረጋግጡ።

መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር እስኪነሣ ባለው ክፍተት የቲዩብ አምፕ ማዞሪያዎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ሞዴለር ግን እንደገና እስኪነሣ ጊዜ ይወስዳል፤ ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ ይጠፋል። የድምፅ ፍተሻው እንዳለቀ ሴቭ ይጫኑ። ለኮምፒውተር የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ ሞዴለሩንና ገመድ አልባውን ማስተላለፊያ ብቻ ሲያንቀሳቅስ አጭር መቋረጥን ያሻግራል፤ ስፒከር አይሰኩበት። የፕሪሴቶችዎን ቅጂ በፍላሽና በስልክ ያኑሩ። አንድ ዲአይ ቦክስና አይአር ያለው ትንሽ ፔዳልም በቦርሳው ኪስ ይቀመጥ፤ ትልቁ ሣጥን አልነሣ ካለ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በእሱ መቀጠል ይቻላል።